መብራት ጠፋ ስንል ምን ጠፋ ማለታችን ነው? ከደሴ በርቀት የምትሠራ የአንዲት ወጣት ጉዳይ

ጉዳዩ ሱቄ እንዴት ገባ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ክረምት ሲገባ የሚመጣልኝ ሥራ ይለወጣል። በበጋ የሚበዛው ስክሪኑ የተሰበረ ወይም ሻይ የፈሰሰበት ላፕቶፕ ነው። ከሰኔ ወዲያ ግን ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያከፋፍለው ክፍል) ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ የተቃጠለ።

ሐምሌ 2017 ላይ አንዲት ወጣት ዴስክቶፕ በባጃጅ ይዛ መጣች። ፓወር ሰፕላዩ ተቃጥሏል። ቀየርኩላት። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ያንኑ ኮምፒውተር ይዛ ተመለሰች። ያው ሽታ፣ ያው የጠቆረ ሰሌዳ።

«ወንድሜ፣ እውነቱን ንገረኝ። የገጠምክልኝ ዕቃ ፎርጅድ ነው እንዴ?»

አልነበረም። ግን እንዲህ ብትጠይቅ አይፈረድባትም። ቁጭ በይ አልኳትና መብራት ሲጠፋ ምን እንደምታደርግ ጠየቅኋት። «ምን አደርጋለሁ? እጠብቃለሁ። እንደመጣ ቶሎ አበራለሁ» አለችኝ። የችግሩ ግማሽ እዚያ መልስ ውስጥ ነበር። ሌላውን ግማሽ ለማግኘት አምስት ወር ፈጀብን።

ጉዳዩን የምጽፈው ፈቅዳልኝ ነው። ስሟን፣ ሰፈሯንና የምትሠራለትን ድርጅት ትቻለሁ። ለመጻፍ ያነሳሳኝ ደግሞ ሌሎቹ ናቸው። ከእሷ ወዲህ በርቀት የሚሠሩ አራት ልጆች ሱቄ መጥተው አንድ ጥያቄ ጠይቀውኛል፤ «የትኛውን ባትሪ ልግዛ?» ይላሉ። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህ አይደለም።

ዳራ

ወጣቷ በአካውንቲንግ ተመርቃለች። የምትሠራው ግን ውጭ አገር ላለ የኦንላይን መደብር የደንበኛ አገልግሎት ነው። ደንበኛ በቻት ይጠይቃል፣ እሷ ትመልሳለች። ሺፍቷ ከማታ 12 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን ነው። ከ10 ደቂቃ በላይ ኦፍላይን ከሆነች ሲስተሙ ራሱ ይመዘግባል። ምዝገባው ሲደጋገም ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ መሰናበቻ ነው። ወደ እኔ ስትመጣ ሁለት ነበራት።

የምትኖረው ከጦሳ ተራራ ሥር ባለ ግቢ ውስጥ፣ ከኋላ በኩል አንድ ክፍል ተከራይታ ነው። ግቢው ውስጥ አከራይዋ ከነልጃቸው፣ ከእሷ ሌላ ሦስት ተከራዮችም አሉ። የካርድ ቆጣሪው ለሁሉም አንድ ነው። ይህን አንድ ቆጣሪ ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ክረምቱ ዝናብ፣ ጉምና መብረቅ ነው። በ2014 በጦርነቱ ወቅት ደሴም ኮምቦልቻም ለሳምንታት ያለ መብራትና ያለ ስልክ ከርመዋል። ስለዚህ ሰዉ ለጨለማ አዲስ አይደለም። ኩራዙም ሻማውም የት እንዳለ በዳሰሳ ያገኘዋል። በጨለማ መቀመጥ ሌላ፣ በጨለማ ሥራ መሥራት ሌላ መሆኑ ነው ችግሩ።

እዚህ ላይ ሱቄ ውስጥ የማይጠፋውን ክርክር ላንሳ። የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። «ታዲያ ለምን ይጠፋል?» ይለኛል ደንበኛው ሁሉ። ግድቡ ባለበት ጉባ ላይ የመነጨው ኃይል እኔ ሱቅ እስኪደርስ ከፍተኛ መስመር፣ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ትራንስፎርመር፣ የእንጨት ምሰሶና ቀጭን ሽቦ ያልፋል። የመጨረሻዋ ሽቦ ላይ አንድ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ከወደቀ ግድቡ ሞልቶ ቢፈስም ሰፈሩ ጨለማ ነው። የወጣቷን ጉዳይ ስንፈትሽ ደግሞ ከሽቦውም የቀረበ ምክንያት አገኘን።

ከእኔ በፊት የተሞከረው

መጀመሪያ ያገለገለ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ፣ ገዝታ ነበር። ትንሹን ዓይነት ነው፤ ውስጡ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ አለ። አዲስ ቢሆን እንኳ 84 ዋት ሰዓት ብቻ ይይዛል፤ 84 ዋት ለሚበላ ዕቃ አንድ ሰዓት ማለት ነው። የእሷ ዴስክቶፕ ከነስክሪኑ 140 ዋት ይበላ ነበር። በወረቀት ከግማሽ ሰዓት በላይ ያቆያል፤ ያረጀ ስለነበር ግን አራት ደቂቃ ቆይቶ ይሞታል። አራቱንም ደቂቃ ጢጥ ጢጥ እያለ ነው። አከራይዋ «ልጄ፣ ያንን ጫጩት ዝም አሰኚልኝ» ይሏት ነበር።

ቀጥሎ ጄኔሬተር መጣ። አጎቷ ኮምቦልቻ ለሱቁ የሚጠቀምበትን ትንሽዬ ጄኔሬተር አዋሳት። ኮምቦልቻ ላይ ማቀዝቀዣውን ችሎ የሚሠራው ሞተር ደሴ ሲወጣ ደከመ። ይህ የዕቃው ጥፋት አይደለም። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩ የሚተነፍሰው ያንሳል። በደሴ ከፍታ ተራ የቤንዚን ጄኔሬተር ከተጻፈበት አቅም ሩብ ያህሉን ያጣል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ጉዳቱ ቀለል ይላል። ለማንኛውም ከድካሙ ይልቅ ጭሱና ጩኸቱ ባሰ። ዝናብ እንዳይመታው በረንዳ ላይ አስቀምጠውት ጭሱ ወደ ቤት ገባ። አከራይዋን ራስ ምታት ያዛቸው። በአራተኛው ቀን ተመለሰ። ጥሩ ሆነ እላለሁ። የጄኔሬተር ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ አለበት፤ በረንዳ ላይ ማስነሳት በአልጋ ላይ ሞትን መጥራት ነው።

የእኔ ስህተት

ሦስተኛውን ሙከራ ያመጣሁት እኔ ነኝ። አንድ የማውቀው ሾፌር ያገለገለ የአይሱዙ ባትሪ ነበረው። የባትሪን ኃይል ወደ ሶኬት ኃይል ከሚቀይር ኢንቨርተር ጋር አገናኝቼ ሰጠኋት። ርካሽ ነበር፤ «ለጊዜው» ብዬ ነው።

የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ነው። ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ጉልበት ይሰጣል፤ ወዲያው መኪናው መልሶ ይሞላዋል። በየማታው እስከ ግማሽና ከዚያ በታች እየተጠጣ እንዲኖር አልተሠራም። ይህን አውቃለሁ። አውቄ ነው የሰጠኋት። የመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ሰዓት ያቆይ ነበር። በሰባተኛው ሳምንት ሃያ ደቂቃም አልሞላ።

ከሁሉ የባሰውን ቤቷ ሄጄ አየሁ። ባትሪውን አልጋዋ ሥር አስቀምጣዋለች። መስኮቱ ብርድ ስለሚያስገባ ተዘግቷል። እንዲህ ያለ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ በቀላሉ ይቀጣጠላል። ጎን ላይ ደግሞ ሻማ። ያን ቀን የተናገርኩት እዚህ አይጻፍም። በአብዛኛው የተናገርኩት ለራሴ ነበር፤ ስሰጣት የት እንደምታስቀምጠው አልጠየቅኋትም።

ከዛንዚባር የመጣው ጥያቄ

ነገሩን ያቃናው ያላሰብነው ሰው ነው። ቲም ሊደሯ የሚኖረው ዛንዚባር ነው። ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ከመጻፉ በፊት ደወለላትና ስንት ጊዜ ሳይሆን ስንት ደቂቃ እንደሚጠፋ ጠየቃት። መልስ አልነበራትም። «ሁልጊዜ ይጠፋል» ነው ያለችው። ሁልጊዜ የሚባል ቁጥር የለም አላት።

ሰውዬው ከየት እንዳመጣው ኋላ ነው የገባን። የዛንዚባር ዋና ደሴት ኡንጉጃ መብራት የሚያገኘው ከታንዛኒያ የብስ በባሕር ሥር በተዘረጋ ገመድ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2008 መስመሩ ተበላሽቶ ደሴቱ ለአንድ ወር ያህል ጨለመ። ዓመት ከመንፈቅ በኋላ፣ ከታኅሣሥ 2009 እስከ መጋቢት 2010፣ እንደገና ሦስት ወር ጨለመ። ውሃው በኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚገፋ ስለነበር ቧንቧውም አብሮ ደረቀ። ሰውዬው ያኔ ልጅ ነበር። አባቱ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ነበራቸው። እሱ ሲነግራት፣ ያን ጊዜ የተረፉት ትልቅ ጄኔሬተር የገዙት ሳይሆኑ የሚያስፈልጋቸውን ቆጥረው የሚያውቁት ነበሩ። አባቱ ለአንድ ማቀዝቀዣና ለስድስት አምፖል የሚበቃ ነገር ብቻ ይዘው ሦስቱን ወር ዘለቁ። ጎረቤታቸው ሆቴሉን ሁሉ ላብራ ብሎ በነዳጅ ወጪ ተሟጠጠ።

ስለዚህ ስድስት ሳምንት ሰጣት። እየመዘገበች እንድትልክለት ነገራት። ምዝገባ እስካመጣች ድረስ ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ እንደማይጻፍ ቃል ገባላት።

ደብተሩ

ባለ 50 ገጽ የተማሪ ደብተር ነው። አራት መስመር አሰመርንበት፤ የጠፋበት ሰዓት፣ የመጣበት ሰዓት፣ ኢንተርኔቱ መቼ ሄደ፣ የጎረቤት መብራት አለ ወይ። አራተኛዋን የጨመርኩት እንዲያው ለሙላት ያህል ነበር። ቁም ነገሩ ግን እዚያ ውስጥ ተገኘ።

ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ በሺፍቷ ሰዓት ብቻ 31 ጊዜ ጠፍቷል። ከሃያ ደቂቃ በታች የቆየው 14 ጊዜ ነው። ከሃያ ደቂቃ እስከ ሁለት ሰዓት 11 ጊዜ። ከሁለት ሰዓት በላይ 6 ጊዜ። «ሁልጊዜ ለረጅም ሰዓት» ስትለኝ የነበረው ስድስቱን ነው። ሰው የሚያስታውሰው ያሰቃየውን ነው።

አሁን ወደ አጭሮቹ 14 እንሂድ። ዘጠኙ አራተኛው መስመር ላይ «የጎረቤት አለ» ይላል። የእሷ ክፍል ከኋላ በኩል ስለሆነ መስኮቱ ወደ ተራራው ነው። የሰፈሩን መብራት አያሳይም። ለመመዝገብ ስትል ነው ወጥታ በአጥሩ ላይ ማየት የጀመረችው። ዘጠኙም የዋሉት ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነው።

ሐሙስ ማታ ሄድኩ። ቡና ተፈልቶ ተቀምጠናል። 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ድርግም አለ። ሁሉም «ውይ!» አለ። የአከራይዋ ልጅ፣ አሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ያለ ወሬ ተነሥቶ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ መብራቱ መጣ። ልጁም ተመልሶ ተቀመጠ።

«የት ሄደህ ነው?» አልኩት።

«ብሬከሩን ላነሳ።»

«ሁልጊዜ አንተ ነህ የምታነሳው?»

«እንዴ፣ ማን ያነሳዋል?»

ከተከራዮቹ አንዷ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ለምግብ ቤት እንጀራ ትጋግራለች። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። በ220 ቮልት 16 አምፔር መሆኑ ነው። የዋናው ብሬከር (ጭነት ሲበዛ መብራቱን የሚቆርጠው) አቅም 25 አምፔር ነው። አንድ ምጣድ ብቻውን ችግር የለውም። አከራይዋም በዚያው ሰዓት ለራት ምድጃ ሲለኩሱ፣ አንዱ ደግሞ ውሃ በኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ሲጥድ ብሬከሩ ትንሽ ታግሦ ይወርዳል። ልጁ ከኳስ ጨዋታ ወይም ከጥናት እስኪነሣ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ያልፋል። ለማንም አልተናገረም። ማንም አልጠየቀውማ።

የእሷ ሁለት ማስጠንቀቂያዎች የተጻፉት በየትኛው ቀን እንደሆነ ወደ ኋላ ሄደን አየን። አንዱ ማክሰኞ ነው። መስመሩንና መንግሥትን ስናማ፣ አንዱን ማስጠንቀቂያ ያመጣው የራት ሰዓት ሳይሆን አይቀርም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የመጀመሪያው ምንም አላስወጣም። አከራይዋን፣ ጋጋሪዋንና ሌሎቹን ቡና ላይ አነጋገርናቸው። ጋጋሪዋ መጀመሪያ ተቆጣች፤ «እንጀራዬን ልትዘጉ ነው?» ብላ። የእሷም እንጀራ ነው፣ የዚህችም እንጀራ ነው። በመጨረሻ መጋገሩ ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት እንዲጀምርና ከ12 ሰዓት በፊት እንዲያልቅ ተስማሙ። በጾም ሰሞንና በረመዳን ሰዓቱ እንደሚለዋወጥም አብሮ ተነጋገሩ። ብሬከሩን በትልቅ ቀይሩት ያለም ነበር። እምቢ አልኩ። ሽቦው ሳይቀየር ብሬከሩን ብቻ ማሳደግ ቤቱን ለእሳት መስጠት ነው።

ሁለተኛው እርምጃ በትንሽ ወጪ ከሁሉ የበለጠ የሠራው ነው። የደብተሩ ሦስተኛ መስመር ኢንተርኔቱ የሄደው ሁልጊዜ መብራቱ በጠፋበት ደቂቃ መሆኑን ያሳያል። «መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩ ይሄዳል» ትል ነበር። ግቢው የገባለት የቤት ኢንተርኔት ነው። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ሳለ ዋይፋዩን የሚሰጠውን ራውተር ከእኔ ትንሽ ባትሪ ላይ ሰካሁት። ኢንተርኔቱ ሠራ። መስመሩ አልሄደም ነበር! የሞተው ራውተሩ ብቻ ነው። ራውተር 12 ቮልት፣ 1 አምፔር ገደማ የምትፈልግ ሚጢጢ ዕቃ ናት። ለራውተር ብቻ የተሠራ መጽሐፍ የምታክል ባለ 12 ቮልት ዩፒኤስ አለ። ኢንቨርተርም አያስፈልገውም። ገዛንላት። ከዚያ ወዲህ ራውተሩን አራት ሰዓት ተኩል ያህል ያቆየዋል።

ሦስተኛ፣ ዴስክቶፑን ሸጠን ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛች። 140 ዋት የነበረው 30 ሆነ። ስክሪኑን ሲያደበዝዙት ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። ብዙ ሰው ትልቅ ባትሪ ፍለጋ ይለፋል፤ የሚበላውን ዕቃ ማሳነስ ግን ትልቅ ባትሪ ከመግዛት ይረክሳል።

አራተኛው ዋናው ባትሪ ነው። አሁን መደመር ቻልን። ላፕቶፕ 30፣ ራውተር 9፣ አምፖል 5፤ በድምሩ 44 ዋት። በስድስት ሰዓት 264 ዋት ሰዓት። ኢንቨርተሩ ራሱ የሚበላውን ስንጨምር 300 ገደማ። ስለዚህ 12.8 ቮልት፣ 50 አምፔር ሰዓት የሆነ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ መረጥን። 640 ዋት ሰዓት ነው፤ ሁለት ሙሉ ሺፍት ይሸፍናል። ተራው ባትሪ በጥልቀት እየተጠጣ ሲሠራ በጥቂት መቶ የመሙላትና የመጠጣት ዙር ይደክማል። ይኸኛው ሺዎችን ይቆጥራል። ጋዝም አያወጣም። ዋጋው ግን ያስደነግጣል። እጇ ላይ ገንዘብ አልነበረም። የእቁቡን ዳኛ ለምና ዕጣ ሳይወጣላት ቀድማ ወሰደች። ዋስ ሁን ስትለኝ እምቢ ማለት አልቻልኩም። የአይሱዙው ባትሪ ዕዳ አለብኝ።

አምስተኛው የሶኬት ልማድ ነው። ዕቃ የሚቃጠለው መብራት ሲጠፋ አይደለም፤ ሲመጣ ነው። አንድ ማታ በመልቲሜትር ለካሁ። መብራቱ እንደመጣ ሶኬቷ ላይ 248 ቮልት አሳየኝ። ትንሽ ቆይቶ 226 ላይ ረጋ። ቻይ ያልሆነ ፓወር ሰፕላይ እዚያች መጀመሪያ ላይ ነው የሚሄደው። አሁን መብራት እንደጠፋ ዲቫይደሩን ታጠፋለች። የጣሪያውን አምፖል ማብሪያ ግን አትነካውም። አምፖሉ ሲበራ መብራት መምጣቱን ታውቃለች፤ ሰዓት አይታ አምስት ደቂቃ ትጠብቃለች፤ ከዚያ ዲቫይደሩን ትከፍታለች። ከነሐሴ ወዲህ አንድም ዕቃ አልተቃጠለም።

ስድስተኛው የስልክ ዳታ ነው። የሁለት ድርጅት ሲም ያዘች። መብራት እንደጠፋ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ከዋይፋይ ወደ ዳታ ስለሚዞር መጀመሪያ ይጨናነቃል። ሰዓታት ሲያልፉ ደግሞ የአንቴናው የራሱ ባትሪ ይደክማል። እሷ ሰፈር አንደኛው መስመር መብራት ከጠፋ ሦስት ሰዓት ገደማ ሲሆነው ይንገዳገዳል፤ ሌላኛው ትንሽ ይሻላል። የትኛው መቼ እንደሚደክም የነገረን ያው ደብተር ነው።

ያልሠራው

ሶላር ሞከርን፤ አጭር ነው ታሪኩ። አንድ 100 ዋት ፓኔል ተዋስን። በነሐሴ ጉም ምንም አልሰጠ። ጥቅምት ላይ ሰማዩ ሲጠራ ጥሩ ሠራ፤ ግን ከጦሳ ሥር ስለምትኖር ፀሐይዋ ከሌላው ሰፈር ቀድማ ትሸሻለች። መብራት በብዛት የሚጠፋው ክረምት ነው፣ ሶላሩ የሚሠራው በጋ ነው። ኮምቦልቻ ብትኖር ምክሬ ይለወጥ ነበር።

ኮምቦልቻን ካነሣን፣ እሷም እንደ መጠባበቂያ ይዛት ነበር። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አጎቷ ቤት ወርዳ ትሠራለች። ለጥገና ይጠፋል ተብሎ አስቀድሞ በተነገረበት ቀን ወርዳ በደንብ ሠራች። ሌላ ቀን ግን መብራቱ ከጠፋ በኋላ ተነሣች። መንገዱ የሚያልፍበት ሐረጎ ላይ ጉም ነበር። ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን በእርምጃ ወረደ። ስትደርስ ኮምቦልቻም ጠፍቷል። ከላይ ከዋናው መስመር ሲሆን ሁለቱም አብረው ነው የሚጠፉት። ያን ማታ አጎቷ ቤት በሻማ ራት በልታ ተኛች።

ለአለቃ ምን ይነገራል

ይህን ለብቻው ያወጣሁት ብዙ ልጆች የሚያፍሩበት ነገር ስለሆነ ነው። መብራት ጠፋብኝ ማለት እንደ ሰበብ ይቆጠርብናል ብለው ዝም ይላሉ። ዝም ሲሉ ደግሞ ሲስተሙ «ሥራ ጥላ ሄደች» ብሎ ነው የሚመዘግበው።

አሁን ስልኳ ላይ የተዘጋጁ ሦስት አጫጭር መልእክቶች አሏት። አንዱ «መብራት ጠፍቷል፣ በባትሪ እየሠራሁ ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው «ሁለት ሰዓት አልፏል፣ ከባድ ጥያቄዎችን ለሌላ ሰው አስተላልፉ» ይላል። ሦስተኛው «ከግማሽ ሰዓት በኋላ እወጣለሁ» ነው። ሦስተኛውን እስካሁን የላከችው አንድ ጊዜ ነው። ቲም ሊደሯ የወደደው ይህን ነው። መውጣቷን ቀድሞ ካወቀ ሰው ይተካል፤ ድንገት ስትጠፋ ግን ደንበኛው ባዶ ስክሪን ላይ ያፈጣል።

ሌላው ሰው ከዚህ ምን ይወስዳል

ለአራቱ ልጆች የነገርኳቸውን ልድገም። መጀመሪያ ደብተር ግዙ። ሁለት ሳምንትም ቢሆን መዝግቡ፤ አራተኛዋን መስመር እንዳትረሱ። ከአራቱ አንዱ ተመልሶ መጥቶ፣ የእሱ ግቢ ግማሹ መጥፋት የካርድ ማለቅ እንደሆነ በሳቅ ነግሮኛል።

«መብራት ጠፋ» የምንለው አንድ ነገር አይደለም። የኮምፒውተሩ ኃይል አንድ ነው፤ የኢንተርኔቱ ሌላ ነው፤ የክፍሉ ብርሃን ሌላ ነው። ለሦስቱም አንድ ትልቅ መፍትሔ የፈለገ ሰው ብዙ ይከፍላል። የራውተሩን ብቻ መጀመሪያ የፈታ ሰው በትንሽ ገንዘብ ብዙውን ማታ ያተርፋል፤ የላፕቶፕ የራሱ ባትሪ ሁለት ሦስት ሰዓት ይይዛልና። የወጣቷን ደብተር መልሳችሁ ብታዩ ከ31ዱ 25ቱ ከሁለት ሰዓት በታች ናቸው። ደህና ባትሪ ያለው ላፕቶፕና የራውተር ዩፒኤስ ብቻ ይሸፍኗቸዋል። ለትልቁ ባትሪ የተጠራው እቁብ የወጣው ለስድስቱ ነው። ሥራዋ ስድስቱንም ስለማይምራት ተገቢ ወጪ ነበር። ጽሑፍ ተርጉሞ በሳምንቱ መጨረሻ የሚያስረክብ ሰው ግን ስድስቱን ተኝቶ ቢያሳልፋቸው ምን ይጎድልበታል?

እኔ ራሴ አንድ ነገር ለውጫለሁ። ሰው የተቃጠለ ፓወር ሰፕላይ ይዞ ሲመጣ፣ ከመቀየሬ በፊት መብራት ሲመጣ ምን ታደርጋለህ ብዬ እጠይቃለሁ። ያንን ባልጠየቅሁ ጊዜ ያንኑ ዕቃ ሁለት ጊዜ ሸጫለሁ።

አሁን ያለበት

ታኅሣሥ ላይ ማስጠንቀቂያዎቹ ተሰረዙላት። ያልተፈታም አለ። ኅዳር ውስጥ አንድ ማታ ከተማው ሙሉ ጠፍቶ እስከ ማግስቱ ቀትር ቆየ። የእሷ ባትሪ ሠርቶ ነበር። ኢንተርኔቱ ግን አምስት ሰዓት ላይ ከመስመሩ ጀምሮ ተቋረጠ፤ ሁለቱም ሲሞች ሞቱ። ሦስተኛውን መልእክት የላከችው ያኔ ነው። ለእንዲህ ያለው ማታ እኔም መላ የለኝም።

ባለፈው ሳምንት ባትሪውን ልፈትሽ ሄጄ ነበር። ረቡዕ ነው። ኢንቨርተሩን ሳየው ድርግም አለ። ማንም «ውይ» አላለም። ልጁ ወጥቶ አጥሩ ላይ ሲንጠላጠል ኮቴው ተሰማኝ።

«የሁሉም ነው!» ብሎ ጮኸ ከውጭ።

እሷ ዲቫይደሩን በእግሯ ጣት ረገጥ አድርጋ አጠፋችና ቻቷን ቀጠለች።